ኒውዮርክ «ጋሼ» ያለችበት እሑድ

 ቀኑ ጥቅምት 25 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 5 ቀን 2023፣ ዕለቱም እሑድ። እኛ በዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ሰዎች ሁለት ወዳጆቻችን በኒውዮርክ ማራቶን ሊሮጡ ነውና ልናበረታታቸው ቅዳሜ ማታ በአንዲት ቫን ተጭነን ተነሣን። አንዷ በሆስፒታል ሌሊት ሌሊት የምትሠራ ነርስ ናት። ሁለተኛው ዕድሜውን ታክሲ ሲነዳ የኖረ፣ ስድሳን የተሻገረ፣ ታናሹም ታላቁም «ጋሼ» የሚለው ሰው ነው። ሐኪሙ «ስኳርህ ከፍ ብሏልና ተንቀሳቀስ» ቢለው ጊዜ በሰፈሩ መናፈሻ መራመድ ጀመረ፣ ከዚያ ሶምሶማ አለ፣ ከዚያም ርቀቱን ቀስ በቀስ እያስረዘመ ሄዶ ሄዶ አንድ ቀን «42 ኪሎሜትር ከ195 ሜትሩን እሮጠዋለሁ» አለን፤ እኛም «እንግዲያው እኛ ደግሞ መንገድ ዳር እንቆምልሃለን» አልነው።

ሯጮቹ የደረት ቁጥራቸውን ሊቀበሉ ቀድመውን ሄደዋል። በቫኗ ውስጥ የነበርነው አጨብጫቢዎቹ ነን። ከፊት ወንበር የነርሷ እናት ተቀምጠዋል፤ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከደሴ መጥተው የከረሙ፣ ነጠላቸውን ከወፍራም ካፖርት በላይ የደረቡ እናት ናቸው። ጭናቸው ላይ ቆሎ አለ፣ እግራቸው ሥር ቡና የያዘ ፔርሙዝ። ባልቲሞርን ከውኃ በታች በተሠራው ዋሻ አለፍናት፣ ከዚያ የደላዌርን ትልቅ ድልድይ ተሻገርን፣ ከዚያም የኒው ጀርሲ አውራ ጎዳና በጨለማው ውስጥ ተዘረጋልንና ሹፌራችን መስኮቱን ትንሽ ከፈት ሲያደርግ የጥቅምት ብርድ እየገባ፣ ቆሎው ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ፣ ጥያቄውም ከእማማ እየመጣ ተጓዝን።

«ለመሆኑ ስንት ሰዓት ነው የምትሮጠው?»

«አራት ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ እማማ።»

«ታዲያ ውኃ ማን ይሰጣታል?»

በየመንገዱ ውኃ ይዘው የሚቆሙ፣ ልብስ የሚጠብቁ፣ የወደቀ የሚያነሡ በጎ ፈቃደኞች እንዳሉ፣ ቁጥራቸውም ከ10 ሺህ እንደሚበልጥ ነገርናቸው። «የማን ዘመዶች ናቸው?» አሉ። የማንም አይደሉም፣ የከተማው ሰዎች ናቸው አልናቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ዘራቸውን ይባርክ» ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ብሮንክስ ውስጥ አንድ ዘመድ ቤት ስንደርስ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነበር። በዚያች ሌሊት አሜሪካ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትመልሳለችና አንዲት የእንቅልፍ ሰዓት ተጨመረችልን። ሯጮቹ ግን ሳይነጋ ተነሥተዋል። አንዳንዱ በመርከብ፣ አንዳንዱ በአውቶቡስ ሩጫው ወደሚነሣበት ወደ ስታተን አይላንድ ይሻገርና በመነሻው ድልድይ ግርጌ ባለው የድሮ ምሽግ ሣር ላይ፣ አሮጌ ሹራብና አሮጌ ካፖርት ለብሶ፣ ለሰዓታት ይጠብቃል። ተራው ሲደርስ ያን ልብስ እዚያው ይጥለዋል፣ የተጣለውም ተሰብስቦ ለተቸገረ ይሰጣል። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይለቀቅም። ታላላቆቹ ሴቶች ከወንዶቹ ይቀድማሉ፣ ወንዶቹ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ ይከተላሉ፣ ከዚያ ሕዝቡ በአምስት ምድብ ተከፍሎ ይለቀቃል። የመጨረሻው ምድብ የሚነሣው 5 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ነርሷ ሁለተኛው ምድብ ውስጥ ነበረች፣ ጋሼ የመጨረሻው ውስጥ።

እኛ ብሩክሊን አራተኛው ጎዳና ላይ፣ 13 ኪሎሜትር ግድም፣ ቦታ ያዝን። ገና በጠዋቱ ሕዝቡ ግራና ቀኝ ሞልቷል፤ ታቦት ሊሸኝ እንደወጣ ሰው ሕፃኑም ሽማግሌውም ባለበት ቆሞ ይጠብቃል። ባንዲራችንን ዘረጋን። መጀመሪያ ሴቶቹ መጡ፣ ለተሰንበት ግደይ በመካከላቸው ነበረችና ስሟን ጠራን። ከዚያ የፖሊስ ሞተር ብስክሌቶች፣ ከዚያ ሰዓት የተሸከመችው መኪና፣ ከዚያም ወንዶቹ ደረሱ። ታምራት ቶላ አለ፣ ጀማል ይመር አለ፣ ሹራ ቂጣታ አለ። እግራቸው መሬት ሲነካ ድምፅ የለውም። እማማ እልልታቸውን አቀለጡትና አጠገባችን የነበሩ አሜሪካውያን ልጆች ምላሳቸውን እያንቀሳቀሱ ሊከተሏቸው ሞከሩ፤ እማማም እነሱን የሚያስተምሩበት ጊዜ አገኙ። ሯጮቹ ግን አፍታም አልቆዩልን፣ አለፉ።

ከዚያ ረጅም ጥበቃ ሆነ። መንገዱ ሞላ። መንኮራኩር የሚገፉ፣ ዓይነ ስውሩን በገመድ የሚመሩ፣ የሞተ ወዳጃቸውን ፎቶ ጀርባቸው ላይ የለጠፉ፣ ሁሉም አለፉ። እኛ በስልካችን የነርሷን ምልክት እናያለን። ቁጥሯ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ መሣሪያ በየርቀቱ በተቀመጡ ምልክቶች ላይ ታልፋለች፣ ስታልፍም ለስልካችን ትናገራለች፤ በመካከል ያለው ግን ግምት ነው፣ ዓይንም ከግምት ይበልጣልና አንገታችንን አስግገን እንፈልጋለን። 5 ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ ቢጫ ኮፍያዋ ታየን። እማማ «ልጄ!» አሉ፤ እልልታ እንኳ አልመጣላቸውም። እሷም ወደ ዳር ጠጋ ብላ የእናቷን እጅ ሳም አድርጋ ሄደች።

እሷ ዞር ከማለቷ ከማንሃታን ወሬ መጣ። ታምራት ቶላ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ ገብቶ አሸንፏል። ኬንያዊው ጄፍሪ ሙታይ በፈረንጆቹ 2011 የሠራውና ለ12 ዓመት የቆየው የ2፡05፡06 የቦታው ክብረ ወሰን ተሰበረ። ታምራትና ጀማል ይመር ከሌሎቹ ተነጥለው ሄደው ሄደው፣ በመጨረሻ ላይ ታምራት ብቻውን ወጣ። እንግዲህ አስቡት፤ እሱ 42ቱን ሲጨርስ የኛዋ ነርስ 13ኛውን ገና መያዟ ነው፣ ጋሼ ደግሞ ከመነሻው አልተነቃነቀም። አንድ ውድድር ነው፣ አንድ መንገድ ነው፣ ሦስቱም የሚሮጡት ያንኑ ነው። ባንዲራችንን እያውለበለብን ዘፈንን፣ የማያውቁን ሰዎችም እንኳን ደስ አላችሁ እያሉ እጃችንን ጨበጡ።

ከዚያ ለሁለት ተከፈልን። ከመካከላችን ሁለት ጎበዞች ጋሼን ለመጠበቅ እዚያው ብሩክሊን ቀሩ፣ የቀረነው በምድር ውስጥ ባቡር ወደ ሰሜን ማንሃታን፣ 116ኛው መንገድ ወጣን። የዚህ ከተማ ሩጫ ለተመልካች የሚመቸው እዚህ ላይ ነው። ሯጩ በአንደኛው ጎዳና ሽቅብ ይሄዳል፣ በድልድይ ወደ ብሮንክስ ይሻገራል፣ በሌላ ድልድይ ተመልሶ በአምስተኛው ጎዳና ቁልቁል ይመጣል። እሱ 5 ኪሎሜትር ያህል ሲዞር አንተ ጥቂት መንገዶችን አቋርጠህ በእግርህ ትደርሳለህ። ነርሷን በአንደኛው ጎዳና አየናት፤ ፊቷ ጨው ሠርቷል፣ ግን ትስቃለች። ከዚያ እማማን ይዘን በሰፈሩ መካከል አቋረጥን። ስፓኒሽ የሚነገርበት፣ ሙዚቃው ከየመስኮቱ የሚፈስበት ሰፈር ነው። አንዲት ባልቴት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ድስት እየመታች ሯጮችን ስታበረታታ እማማን አየቻቸውና ተነሥታ ወንበሯን ሰጠቻቸው። በቋንቋ አይግባቡም። እማማ ቆሎ ዘገኑላት፣ እሷም ተቀበለች፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ትንሽ ዐረፉ፣ ከዚያ ቀጠልን።

ነርሷ በአምስተኛው ጎዳና አልፋ ከ8 ሰዓት በኋላ በሰላም ገባች። እናቷ ወደ ማብቂያው ሊሄዱ ነው ብለን ስንጠብቅ፣ «የሷስ ሆነ፤ ያ ሰውዬስ?» አሉን።

ያ ሰውዬ ያሉት ጋሼን ነው። ብሩክሊን የቀሩት ልጆች በደህና አልፏል ብለው ደውለውልናል። የስልኩ ምልክት ግን በኩዊንስቦሮ ድልድይ አካባቢ ቀረች። የ25ኛውን ኪሎሜትር ምልክት ካለፈ ቆየ፣ ቀጣዩ አይመጣም። ያ ድልድይ ክፉ ነው። ተመልካች አይቆምበትም፣ ሽቅብ ነው፣ ጨለምለም ያለ ነው፣ ሯጩ የሚሰማው የራሱን ትንፋሽና የሺህ እግር ዳና ብቻ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ እንኳ በፈረንጆቹ 2010 ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት ሩጫውን ያቋረጠው እዚያው ድልድይ ላይ ነው፤ በዚያው ቀን በቃኝ ብሎ ነበር፣ ብዙም ሳይቆይ ሐሳቡን ለወጠ። ይህን እያሰብን ዝም አልን። ስልክ አያነሣም። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው አፋቸው ይንቀሳቀሳል።

ከብዙ ጥበቃ በኋላ የ30ኛው ኪሎሜትር ምልክት በራች። ሁላችንም ጮኽን። ኋላ እንደነገረን ቋንጃው ተኮማትሮበት የድልድዩን ብረት ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ አንድ የማያውቀው ወጣት ሩጫውን ትቶ አጠገቡ ቆመ፣ እግሩን አሸለት፣ እስከ ድልድዩ ማብቂያ አብሮት ተራመደ፣ ከዚያም ስሙን ሳይነግረው ሄደ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ብርዱ መጣ፣ ሕዝቡ ሳሳ፣ ፖሊሶቹ በሩቁ የብረት አጥሩን ማንሣት ጀምረዋል። ብዙ ሰው ውድድሩ ያለቀ መስሎት ወደ ቤቱ ገብቷል። እኔ ግን ለናንተ የምላችሁ ይህን ነው፤ ከማንኛውም ሰዓት ይልቅ ሰው የሚያስፈልገው በዚያች ሰዓት ነው። ለዚህም ምስክር አለኝ፤ ይህን ማራቶን በፈረንጆቹ 1970 ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ከሮማኒያ የመጣው ፍሬድ ሊቦው ነው። ያኔ በሴንትራል ፓርክ ውስጥ ብቻ ሲዞሩ 127 ሰዎች ጀምረው 55ቱ ጨረሱ፣ በ1976 ግን በአምስቱም የከተማው ክፍሎች እንዲያልፍ ሆነ። ሊቦው በ1992 የአንጎል ካንሰር ታሞ ሳለ ይህንኑ መንገድ ሮጠው። ዘጠኝ ጊዜ ያሸነፈችው ኖርዌያዊት ግሬቴ ዋይትዝ ከጎኑ ነበረች፣ በሱ እግር ልክ እየሄደች፣ ከአምስት ሰዓት ተኩል በኋላ አብራው ገባች። ዘጠኝ ጊዜ አንደኛ የወጣች ሴት ዘግይታ መግባትን መርጣለች። ከድሎቿ ሁሉ እኔ ይህን አስበልጣለሁ።

እናም ከወደ ሰሜን፣ ከመብራቱ ሥር፣ ድምፅ ይሰማን ጀመር። «ጋሼ! ጋሼ!» ይላል። ማን ነው የሚጠራው ብለን ተያየን። በዚያ ሩጫ ሰው ስሙን ደረቱ ላይ ይጽፋል፣ ተመልካቹም አንብቦ ይጠራዋል፤ የኛ ሰው የክርስትና ስሙን ትቶ በትልልቅ የላቲን ፊደል ጋሼ ብሎ ጽፏል። የሃርለም ወጣቶች፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ ደረጃ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌዎች፣ ፖሊሱ ሳይቀር «ጋሼ!» ይላሉ። እግሩን እየጎተተ፣ ጀርባው ቀጥ ብሎ፣ በሁለት እጁ ሰላምታ እየሰጠ መጣ። እማማ ከአጥሩ ጠርዝ እጃቸውን ዘርግተው ያዙትና «አይዞህ ወንድሜ፣ ደርሰሃል እኮ፣ ይቺ ብቻ ናት የቀረችህ» አሉት፤ እሱም «እሺ እናቴ» አለ፣ እሳቸውም በአጥሩ በኩል፣ እሱም በመንገዱ በኩል፣ አንድ መንገድ ያህል አብረው ተራመዱ፣ እኛም ባንዲራውን ይዘን ከኋላ ተከተልን። ከዚያ ለቀቁትና ቀሪውን ብቻውን ሄደ።

በሴንትራል ፓርክ ውስጥ በመብራት ገባ። ሜዳሊያ አንገቱ ላይ ተደረገለት፣ ሰፊ ካባ ደረቡለት። ነርሷ ቀድማ ገብታ፣ ታጥባ፣ በላይዋ ላይ ሹራብ ደርባ ስትጠብቀው ነበርና ጫማውን ጎንበስ ብላ ፈታችለት። በዚያ ቀን ከ51 ሺህ በላይ ሰዎች ውድድሩን ጨርሰዋል፤ የታምራት ስም በመዝገቡ መጀመሪያ ላይ አለ፣ የጋሼም ስም እዚያው መዝገብ ውስጥ፣ ወደ ታች ወረድ ብሎ ተጽፏል።

ማራቶኑ በየዓመቱ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ይካሄዳል። በዚያ ሰሞን ኒውዮርክ የምትገኙ ወገኖቼ፣ ለአሸናፊዎቹ በጠዋት ከወጣችሁ በኋላ እባካችሁ ቶሎ አትግቡ፤ ካፖርት ደርቡ፣ ትኩስ ነገር በፔርሙዝ ያዙ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ አምስተኛው ጎዳና ላይ፣ ከ110ኛው መንገድ በላይ ቁሙና የሚያልፈውን ሁሉ በስሙ ጥሩት።