ምሳው የጋራ፣ ሒሳቡ የማን?

ነገሩ ወዲህ ነው፡፡ ለአንድ የሥራ ጉዳይ ጅማ ከተማ ጥቂት ቀናት በቆየሁበት ጊዜ ስምንት ሆነን በየቀኑ ምሳ በስልክ እናዝ ነበር፡፡ የየሰዉን ፍላጎት በወረቀት የሚጽፈው፣ የሚደውለው፣ ምግቡ ሲመጣም ከኪሱ የሚከፍለው ከመካከላችን በዕድሜ ትንሹ የሆነው ልጅ ነው፡፡ በአራተኛው ቀን “ዛሬ አልበላም” አለን፡፡ ጾም የያዘ መስሎን አለፍነው፡፡ ኋላ እንደተረዳሁት ልጁ ገንዘብ ጨርሶ ነበር፤ ታላላቆቹን “ሒሳብ ስጡኝ” ማለት ግን አፍሯል፡፡ ካልከፈሉት አንዱ እኔ ነበርኩ፡፡

በአዲስ አበባ ምግብ በአፕ ማዘዝ ከተለመደ ቆይቷል፡፡ ወደ ጅማ፣ ወደ አጋሮና ወደ ሊሙ ገነት በሰፊው ሲዘልቅ ለብቻው ከሚያዝ ሰው ይልቅ የሚበዛው አብሮ የሚያዝ ይመስለኛል፤ መሥሪያ ቤት፣ የተማሪዎች ቡድን፣ የቡና ነጋዴዎች፡፡ ታዲያ ለቡድን የሚሆን አፕ ምን መምሰል አለበት?

የውጭዎቹ፣ እነ ኡበር ኢትስና ዶርዳሽ፣ የራሳቸው አሠራር አላቸው፡፡ አንዱ ሰው ትዕዛዙን ይከፍትና ለባልደረቦቹ መግቢያ ሊንክ ይልካል፡፡ እያንዳንዱ በየስልኩ የራሱን ምግብ ይመርጣል፤ ከፋቹ ለአንድ ሰው የሚፈቀደውን ከፍተኛ ወጪ ሊወስንም ይችላል፡፡ ጥሩ ነው፡፡ ነገር ግን መነሻው አንድ ሰው አንድ ሳህን የሚለው ሐሳብ ነው፡፡ እኛ ዘንድ መቁጠሪያው ሳህን ሳይሆን ማዕድ ነው፡፡ “በያይነቱ ለሦስት ሰው” የሚል ትዕዛዝ ሦስት በያይነቱ ማለት አይደለም፤ አንድ ትሪ፣ በርከት ያለ እንጀራ፣ ሦስት እጅ ማለት ነው፡፡ ስለዚህ አፑ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት “ምን ትበላለህ?” ብሎ ሳይሆን “ስንት ማዕድ ነው? በየማዕዱ ስንት ሰው አለ?” ብሎ ነው፡፡ ለስላሳና ውኃ በነፍስ ወከፍ ይቆጠር፣ ትሪው ለተቀመጡበት ይካፈል፡፡ ስማርት ስልክ የሌለው ሰውም በጓደኛው ስልክ ላይ ስሙ ገብቶ መቆጠር አለበት፡፡

ጅማ ላይ ማዕዱ የሚከፈለው በፍላጎት ብቻ አይደለም፡፡ የእስላም ሥጋና የክርስቲያን ሥጋ የተለያየ ነው፤ በዚያ ላይ ረቡዕና አርብ ጾም አለ፡፡ አርብን ውሰዱ፡፡ ኦርቶዶክሱ የጾም ያዛል፣ ሙስሊሙ ጁምዓ ሰግዶ ይመለሳል፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ከ5፡30 እስከ 7፡30 ለምሳ ይዘጋል፡፡ በዚህ ቀን የትዕዛዙ መዝጊያ ሰዓት እንደ ሌላው ቀን መሆን የለበትም፤ ሁለቱ ትሪዎችም በተለያየ ሰዓት መድረስ ይኖርባቸው ይሆናል፡፡ ሰዓቱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው፡፡ ስልኩ 12፡30 ሲል እኛ 6፡30 እንላለን፡፡ አፑ በአገራችን አቆጣጠር አድርጎ “ከቀኑ” ወይም “ከምሽቱ” ብሎ ካልጻፈ ምሳው ለእራት ይመጣል፡፡

እዚህ ላይ የሕግ ነገር አለ፡፡ “ሃይማኖትዎ ምንድን ነው?” የሚል ሳጥን ማስቀመጥ ለአፕ ሠሪው ቀላል ነው፤ ማጣሪያውም ወዲያው ይሠራለታል፡፡ ይሁን እንጂ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን ሃይማኖታዊ እምነት ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች መድቦታል፡፡ መፍትሔው ምልክቱን ከሰው አውርዶ ከምግቡ ላይ መለጠፍ ነው፤ ጥብሱ የየትኛው ሥጋ ቤት እንደሆነ፣ ወጡ ጾም ይሁን ፍስክ ይጻፍ፡፡ ማን የቱን እንደመረጠ ደግሞ ሒሳቡ ሲዘጋ ይጥፋ፡፡ የመሥሪያ ቤት አለቃ ማን እንደሚጾምና ማን እንደማይጾም በወሩ መጨረሻ በሠንጠረዥ የሚያይበት ምክንያት የለም፡፡

ወደ ገንዘቡ ልመለስ፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1896 ላይ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር የአንድ ዕዳ ተባባሪ ባለዕዳዎች በአንድነትና በነጠላ ኃላፊዎች ናቸው የሚል ግምት ይወስዳል፡፡ በቀላል አማርኛ ባለ ምግብ ቤቱ የስምንቱን ሒሳብ ከአንዱ ላይ ብቻ ሊጠይቅ ይችላል፡፡ የከፈለው ሰው ድርሻቸውን ከሌሎቹ የመጠየቅ መብት አለው፡፡ በተግባር ግን ምግብ ቤቱ የሚያውቀው የደወለውን ስልክ ብቻ ነው፤ የመጠየቅ መብቱንም ይሉኝታ ይበላዋል፡፡ ለዚያ ልጅ መብቱን ልነግረው እችል ነበር፡፡ ምን ይረባዋል?

እንግዲህ ሕጉ “ሌላ ስምምነት ከሌለ” ያለውን ቀዳዳ አፑ ይጠቀምበት፡፡ ትዕዛዙ ከመላኩ በፊት የየሰዉ ድርሻ ተጨማሪ እሴት ታክስና የማድረሻ ዋጋ ተጨምሮበት ይታይ፤ ሁሉም “እስማማለሁ” ብሎ የራሱን ይክፈል፡፡ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ይህ አስቸጋሪ አይደለም፤ ተራ ስልክ የያዘም በ*127# መላክ ይችላል፡፡ ያልከፈለ ካለ አስታዋሹ መልእክት ከአፑ ይሂድ፣ ከልጁ አይሂድ፡፡ ማሽን አያፍርም፡፡

“የዛሬው በእኔ ነው” የሚል ቁልፍም ሊኖር ይገባል፡፡ ያለ እሱ አፑ እኛ አገር አይኖርም፡፡ ግን የጋባዡ ቁልፍ ሌሎቹ ከመምረጣቸው በፊት እንዳይታይ እመክራለሁ፤ ሰው ግብዣ መሆኑን ሲያውቅ ወይ ርካሹን ያዛል፣ ወይ (እንዲህ ያሉም አሉ) ክትፎ ያዛል፡፡ በደመወዝ ቀን የሚዘጋ የዱቤ ደብተር ያላቸው ቢሮዎችም ብዙ ናቸው፡፡ ያ ደብተር ወደ አፑ ሲገባ በቢሮው ስም አንድ ድምር ሆኖ ሳይሆን በየሰዉ ስም ተከፋፍሎ መያዝ አለበት፡፡

ቋንቋን በተመለከተ አጭር ነው፡፡ አዛዡ በአማርኛ፣ ወጥ ቤቷ በአፋን ኦሮሞ ማንበብ መቻል አለባቸው፤ ያንኑ ትዕዛዝ፡፡ አድራሻ ደግሞ “ከፈረንጅ አራዳ ወረድ ብሎ” የሚለውን በጽሑፍ የሚቀበል ቦታ ይኑረው፡፡ ባጃጁ ሲጠፋበት የሚደውልለት ሰው ደግሞ የግድ ያዘዘው መሆን የለበትም፤ ምግቡን በር ላይ ወጥቶ የሚቀበል አንድ ሰው አስቀድሞ ይሰየም፡፡

የቡና ወቅት ሲደርስ ፈተናው ይከብዳል፡፡ በማጠቢያ ጣቢያዎች ቀን የተለቀመው እሸት ቡና ሳያድር መፈልፈል ስላለበት ሥራው እስከ ሌሊት ይዘልቃል፤ ሃያ ሰው በአንዴ ይርበዋል፣ ጣቢያው ከከተማው ርቋል፣ ኔትወርኩም ይመጣል ይሄዳል፡፡ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ከሁለት ሳምንት በላይ መቆየቱንም ልብ ይሏል፡፡ ስለዚህ ትዕዛዙ ኢንተርኔት ሳይኖርም በአጭር የጽሑፍ መልእክት መሄድ መቻል አለበት፡፡ “ጾም ለ12፣ የእስላም ጥብስ ለ8፣ ምሽት 3፡00፣ ማጠቢያው በር” የሚል አንድ መስመር ለወጥ ቤቷ ይበቃታል፡፡ ቡናውን እዚያው ያፈላሉ፡፡