«ማኅበር» ከጽዋ እስከ ዩኒቨርሲቲ፦ ለተማሪዎች ማኅበራት የስያሜ መዝገብ የቀረበ ታሪካዊ ማስታወሻ

የተማሪዎችን ማኅበራት ስያሜ፣ የተመሠረቱበትን ዘመንና ቦታ፣ የከሰሙበትንም ምክንያት የሚያስረዳ የተሻሻለ የማመሳከሪያ መዝገብ ለማዘጋጀት የሚነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚገጥመው ችግር የታሪክ ሳይሆን የቃል ነው። በእንግሊዝኛ የተለያየ ስም ያላቸው ድርጅቶች በአማርኛ በጅምላ «ማኅበር» ይባላሉ። «ማኅበር» ደግሞ ዘመናዊው ተማሪ ከመምጣቱ በፊት የራሱ ወግና ባለቤት የነበረው ቃል ነው። ይህን ሳይለዩ የሚሰናዳ መዝገብ ስሞችን ይደረድር እንደሆነ እንጂ አያስረዳም።

በዚህ ረገድ የሌላውን ልምድ መመልከት ይጠቅማል። አሜሪካዊው ዊልያም ሬይመንድ ቤርድ የኮሌጅ ወንድማማች ማኅበራትን የሚዘረዝር መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1879 አሳተመ፤ መጽሐፉም በየጊዜው እየታረመና እየሰፋ እ.ኤ.አ. በ1991 ለ20ኛ እትም በቃ። የእያንዳንዱን ማኅበር የምሥረታ ዘመን፣ ኮሌጅና ቅርንጫፎች ይመዘግባል። እኛን ከሁሉ ይልቅ የሳበን ግን የከሰሙትንም ማኅበራት አለመዝለሉ ነው። ከሌላው የተዋሐደው፣ ስሙን የለወጠው፣ አባል አጥቶ የቀረው ሁሉ ቦታ አለው። መዝገበ ቃላት የተረሳን ቃል እንደማይጥል ሁሉ የስያሜ መዝገብም የፈረሰን ማኅበር ሊጥል አይገባውም።

የእነዚህ ማኅበራት ስያሜ ግን ወደ አማርኛ ሲመለስ ያስቸግራል። የጥንታዊው የፋይ ቤታ ካፓ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1776 በዊልያምና ሜሪ ኮሌጅ ይጀምራል፤ የግሪክ ፊደላትን ስም ማድረግም ከዚያ የተወረሰ ልማድ ነው። ለወንዶቹ ማኅበር መጠሪያ የሆነው «ፍራተርኒቲ» ወንድም ማለት ከሆነው ከላቲኑ «ፍራተር» ይወጣል። ሴቶቹ ተማሪዎች የራሳቸውን ሲያቋቁሙም መጀመሪያ በዚሁ በወንዶቹ ስም ይጠሩ ነበር። «ሶሮሪቲ» የሚለውን፣ እኅት ማለት ከሆነው ከ«ሶሮር» የወጣውን ቃል፣ እ.ኤ.አ. በ1882 ለእንዲህ ዓይነቱ ማኅበር መጠሪያነት ያቀረበው በሲራኪዩዝ ዩኒቨርሲቲ የላቲን መምህር የነበረው ፍራንክ ስሞሊ ነው። እንግዲህ ቃሉ ቋንቋ በሚያውቅ ሰው ታስቦበት የተሰጠ ነበር ማለት ነው። ብዙ ተርጓሚዎች ሁለቱን «ወንድማማችነት» እና «እኅትማማችነት» እያሉ ያልፏቸዋል። እነዚህ ግን የጠባይ ስሞች ናቸው፤ ከፈረንሳይ አብዮት መፈክር ጋር ሲመጡ ያምራሉ እንጂ ቤት ተከራይቶ፣ መዋጮ ሰብስቦ፣ አባል መልምሎ የሚኖርን አካል አይጠሩም። «የወንድማማች ማኅበር» እና «የእኅትማማች ማኅበር» የተሻሉ ናቸው። «ቻፕተር» የሚለውን «ምዕራፍ» ማለት ከቶ አይገባም፤ «ቅርንጫፍ» ነው። ለመግባት ጠይቆ ገና በሙከራ ላይ ላለው ዕጩ ደግሞ ከገዳም ሥርዓት ወደ መሥሪያ ቤት የገባው «አመክሮ» ይስማማዋልና «ባለ አመክሮ» ቢባል ከማንኛውም አዲስ ፈጠራ ይሻላል።

ፍራተርኒቲ በሀገራችን ኮሌጆች ሥር አልሰደደም። ወንድማማችነትን በጽዋ የሚያጸና ማኅበር ግን ነበረን፤ አለንም። አማርኛና ኽምጣንጋ ጎን ለጎን በሚነገሩበት በዋግ ኽምራ፣ በሰሃላም ሆነ በሰቆጣ ዙሪያ፣ እንደ ሌላው የሰሜን ደጋ ሁሉ የጽዋ ማኅበር በየወሩ በቅዱሱ ወይም በቅድስቲቱ ቀን ይውላል፤ በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም፣ በ27 የመድኃኔዓለም ይሆናል። ጽዋው በጨርቅ ተሸፍኖ ወደ ተረኛው ቤት ይሄዳል፤ ካህኑ ጸበል ጸዲቁን ይባርካል፤ የማኅበሩ አለቃ «ሙሴ» ይባላል። የሴቶች ብቻ የሆነ ማኅበርም እንግዳ ነገር አይደለም፤ «የእኅትማማች ማኅበር» ለሚለው ትርጉም መነሻ የሚፈልግ ሰው የማርያምን ማኅበር የሚጠጡትን እናቶች ቢያይ ይበቃዋል።

«የሚጠጡትን» ያልነው በዘፈቀደ አይደለም። የዚህ ማኅበር ግስ «ጠጣ» ነውና። ሰው ማኅበር ይገባል፤ ማኅበር ይጠጣል፤ ተራው ሲደርስ ይደግሳል። የተማሪው ማኅበር ግን አይጠጣም፤ ይቋቋማል፣ ይመሠረታል፣ ይታገዳል። አንድ ቃል ሁለት ፍቺ እንዳለው ከሚያረጋግጡት ምስክሮች ሁሉ የሚበልጠው አብሮት የሚሄደው ግስ ነው። የሰውየውም ስም እንዲሁ ይለያል። የጽዋው ሰው «ማኅበርተኛ» ነው፤ የተማሪው ማኅበር ሰው «አባል» ነው። «አባል» በግዕዝ የአካል ክፍል ማለት ሲሆን፣ እጅና እግር የሚባለው ሁሉ አባል ነው። የላቲኑም «ሜምብሩም» ያንኑ መንገድ ስለ ሄደ ዛሬ «አባል» ስንል የሰውነት ክፍል ትዝ የሚለን ጥቂቶች ነን። ማኅበርተኛን «አባል» ብሎ መተርጎም ስሕተት ባይሆንም ጠላውን አፍስሶ ጽዋውን ብቻ እንደ ማስቀረት ነው።

ሁለተኛው ፍቺ የገባው ከትምህርት ቤት በኩል ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950 ትምህርት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1961 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። በውጭ የሚማሩት ደግሞ በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የየራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። የሰሜን አሜሪካው በእንግሊዝኛ መጀመሪያ «አሶሲዬሽን» ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ውስጥ «ዩኒየን» ተባለ። ለውጡ ከመረዳጃ ወደ ትግል መሸጋገርን ያመለክት ነበር። በአማርኛ ግን የፊተኛውም የኋለኛውም «የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር በሰሜን አሜሪካ» ነው። እንግሊዝኛውን የሚያነብ ለውጡን ያያል፤ አማርኛውን የሚያነብ አያየውም። መዝገቡ ሁለቱን በአንድ ርእስ ሥር አግብቶ፣ ለውጡን ከነዘመኑ በማስታወሻ ማስገባት ይኖርበታል።

ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን የሚያሳየው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1965 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1969 የወሎው ተወላጅ ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ በተማሪዎቹ ልሳን ወጣ፤ በታኅሣሥ ማብቂያ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ። እ.ኤ.አ. በ1971 በሎስ አንጀለስ በተደረገው 19ኛ ጉባኤ የሰሜን አሜሪካው ማኅበር ተከፈለ። ከተማሪዎቹ መካከልም «ንቅናቄ» እና «ፓርቲ» የሚባሉ ሌሎች ድርጅቶች ወጡ። መኢሶን እ.ኤ.አ. በ1968 በሐምቡርግ ተመሥርቶ ነበር። በቀይ ሽብር ዘመን የአንዱ ወይም የሌላው አባል ነህ መባል የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሆነ። ዛሬ የዚያን ዘመን ሰነድ የሚተረጉም ሰው «ዩኒየን»ን አንድ ጊዜ «ማኅበር»፣ አንድ ጊዜ «ኅብረት»፣ አንድ ጊዜ «አንድነት» እያለ ቢያፈራርቅ፣ አንዱን ድርጅት ሦስት ያደርጋል፤ ያልነበረበትንም ሰው እንደ ነበረ ያስመስላል። ስለዚህ የድርጅት ስም ሲተረጎም ድርጅቱ ራሱ በአማርኛ የተጠቀመበት ስም ካለ፣ ደካማም ቢሆን፣ ከእኛ የተሻለ ትርጉም መቅደም አለበት።

ሦስተኛው ፍቺ ወደ ገጠር የወረደው በዚያው ተማሪ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1974 «ዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ» ታወጀና ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ፤ በመጋቢት 1975 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። አዋጁ ቢያንስ 20 ጋሻ ስፋት ባለው ቦታ የገበሬዎች ማኅበር እንዲቋቋም ሲያዝዝ፣ ዘማቾቹ የማደራጀቱን ሥራ ያዙ። ዋግ በዚያን ጊዜ የወሎ አንድ አውራጃ ነበር። ማኅበር ሲጠጣ የኖረ ገበሬ «ማኅበር ጠራኝ»፣ «ማኅበር ፈረደብኝ» የሚልበት ዘመን መጣ። ሙሴ ባለበት ቀዬ ሊቀ መንበር ተቀመጠ። ቃሉ ያው ነው፤ አንዱን ግን በፈቃድ ገብቶበት ነበር፤ ሌላው ያለ ጥሪው አይቀርም። የመንግሥትን ቋንቋ ሲያዘጋጁ የነበሩት ሰዎች ከእምነት ሕይወት የወሰዱትን ቃል ለአስተዳደር ሲሰጡ ይህን ያህል ያሰቡበት አይመስለንም። «ቀበሌ» ያለው ሰው ቢያንስ ሌላ ቃል ፈልጓል።

ከዚያ ወዲህ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ የቃሉ ድርሻ ተከፋፍሏል። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን ስሙን በግዕዝ ሥርዓት አናብቦ የጥንቱን «ማኅበር» መልሶ ያዘ፤ የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ጉባኤ ግን «ግቢ ጉባኤ» ይባላል። ወንጌላውያኑ «ኅብረት» ይላሉ፤ በአፍ «ፌሎሺፕ» የሚለው ይዘወተራል። ሙስሊም ተማሪዎች «ጀመዓ» ይላሉ። አራቱም ስሞች የመሰብሰብን ሐሳብ የያዙ ናቸው፤ በትርጉም አንዱን በሌላው መተካት ግን አይቻልም። ከሰሃላ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ የትኛው የማን እንደሆነ ማንም ሳያስተምረው በሳምንቱ ያውቃል፤ ተርጓሚው ግን መዝገቡን ሊጠይቅ ይገባል።

አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው መዝገበ ቃላታቸው፣ ደስታ ተክለ ወልድም በ1962 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላታቸው የሠሩት ሥራ ቃሉን ከሥሩ ለሚፈልግ ሰው ዛሬም መነሻ ነው። የስያሜው መዝገብ ግን በዘመን ተራ መሄድ አለበት፤ ለኽምጣንጋ ተናጋሪዎችም ራሱን የቻለ ዓምድ ያስፈልገዋል። ራይኒሽ እ.ኤ.አ. በ1884 ስለ ቋንቋው ካሳተመው ጥናት አንሥቶ አፕልያርድ እ.ኤ.አ. በ2006 እስካወጣው የአገው ቋንቋዎች ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት ድረስ የተሰበሰበ ሀብት አለ። ለዚህ ዓምድ የሚሰበሰበው ቃል ግን ከአማርኛው በትርጉም የሚወሰድ ሳይሆን፣ በሰሃላና በሰቆጣ ገጠር ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ሲያልፍ ሰዎቹ ራሳቸው የሚሉት መሆን ይኖርበታል። ግሱም ከስሙ ጋር አብሮ ይመዝገብ።