በለገዳዲና በአባ ሳሙኤል መካከል፦ የፕላስቲክ አለስላሽ ኬሚካሎች በታላቁ አቃቂ ተፋሰስ

የአዲስ አበባው አያት ሰፈር በሁለት ሰው ሠራሽ ሐይቆች መካከል ይገኛል። ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ የደብረ ብርሃንን መንገድ ይዞ ለገጣፎን ሲያልፉ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የተገነባው የለገዳዲ ግድብ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ የድሬ ግድብ ያግዘዋል። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ጉልህ ድርሻ የሚመጣው ከእነዚህ ነው። ወደ ደቡብ ደግሞ ታላቁና ትንሹ አቃቂ የሚገቡበት የአባ ሳሙኤል ሐይቅ አለ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለኤሌክትሪክ ተገድቦ፣ ለበርካታ ዓመታት ሥራ አቁሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይና እርዳታ ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅሙን መልሷል። ከእንጦጦ ትከሻ የሚወርደው ጎርፍ የየካንና የአያትን ጣሪያ፣ ግቢና ቦይ አጥቦ በታላቁ አቃቂ በኩል እዚያ ይገባል። አያት ከላይኛው ሐይቅ ይጠጣል፤ ያጠበበት ወደ ታችኛው ይወርዳል።

በዚህ መጣጥፍ የማነሣው በዓይን ስለማይታይ ብክለት ነው። ስለ ፕላስቲክ በአገራችን የሚደረገው ክርክር በአብዛኛው በፌስታል ላይ ያተኮረ ነው። ፌስታል ቦይ ይደፍናል፣ ከብት ይገድላል፣ መታገዱም ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ፌስታል የሚሠራው ከፖሊኤቲሊን ነው፤ ፖሊኤቲሊን ደግሞ በባሕርዩ የሚተጣጠፍ ስለሆነ አለስላሽ ኬሚካል አያስፈልገውም። ታሌት የሚባሉት አለስላሾች ዋና ምንጫቸው ሌላ ነው፦ ለስላሳ ፒቪሲ። ፌስታልን ከከተማው ጨርሰን ብናወጣ እንኳ የአባ ሳሙኤል ጭቃ የሚቀበለው የታሌት መጠን ብዙ አይቀንስም ብዬ አምናለሁ።

ፒቪሲ ብቻውን ደረቅና ተሰባሪ ነው። እንዲለሰልስ የሚጨመርበት ኬሚካል ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 60 በመቶ ሊደርስ ይችላል። በዓለም ላይ ለረጅም ጊዜ ከፍተኛውን ድርሻ ይዞ የቆየው ዲኢኤችፒ የሚባለው ታሌት ነው። ይህ ኬሚካል በፕላስቲኩ ሰንሰለቶች መካከል ገብቶ ይቀመጣል እንጂ ከእነርሱ ጋር በኬሚካዊ ትስስር አይያያዝም። ስለዚህ ፀሐይ፣ ሙቀት፣ ቅባት ወይም ሳሙና ባገኘው ቁጥር በጥቂት በጥቂቱ ይወጣል። ያረጀ የውሃ ጎማ የሚደርቀውና የሚሰነጣጠቀው በከፊል በዚህ የተነሣ ነው፤ አለስላሹ ወጥቶ ሄዷል።

አሁን ይህን ይዘን የአያትን ቤቶች እንመልከት። ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ከሪል ስቴት ቪላው እስከ ኮንዶሚኒየሙ የተገነባው ሁሉ በግድግዳው ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለው፤ የሽቦው ልባስ በብዛት ለስላሳ ፒቪሲ ነው። በወለሉ ፒቪሲ ታይል ወይም የሚጠቀለል የፕላስቲክ ምንጣፍ ይነጠፋል። በበሩ ላይ የፕላስቲክ ጫማ አለ፣ በሳሎኑ ሰው ሠራሽ ቆዳ የለበሰ ሶፋ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በየግቢው ሮቶ ተሰቅሏል። ሰው ስለ ሮቶው ይጠይቀኛል፤ ሮቶ ግን ፖሊኤቲሊን ስለሆነ በዚህ ረገድ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ከቧንቧ ወደ ሮቶ የሚቀጠለው፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ እንዳዘለ ፀሐይ ላይ የሚውለው ብርሃን አስተላላፊ ጎማ ነው። በግድግዳ የሚቀበሩት ጠንካራ የፒቪሲ ቱቦዎችም አለስላሽ የላቸውም ማለት ይቻላል። ይህን ልዩነት ያልያዘ ምክር ሕዝቡን ያለ ጥቅም ያስፈራዋል።

መጠኑ ምን ያህል እንደሚያሳስብ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። 30 በመቶው ዲኢኤችፒ የሆነ አንድ ኪሎ የሽቦ ልባስ 300 ግራም ኬሚካል ይዟል። የአውሮፓ ኅብረት ለወንዝና ለሐይቅ ውሃ የወሰነው ዓመታዊ አማካይ ጣሪያ በሊትር 1.3 ማይክሮግራም ነው። 300 ግራሙ በሙሉ ቢወጣ እዚህ ጣሪያ ላይ ለማድረስ 230,000 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይጠይቃል። እርግጥ በሙሉ አይወጣም፤ ከቤት ግድግዳ ውስጥ ያለው ለዓመታት እዚያው ይቆያል። ወደ ወንዝ የሚገባው ሲጣል፣ ሲታጠብና ሲቃጠል ነው። መዳብ ለማውጣት ሽቦ ሲቃጠል አለስላሹ ከፊሉ በጭስ ይወጣል፣ ከፊሉ በአመድና በጥላሸት ላይ ይቀራል፤ የሰኔ የመጀመሪያ ዝናብም ያንን ጠርጎ ወደ ቦይ ያስገባዋል። የፒቪሲ ጭስ ዳዮክሲን የሚባል መርዝ ስለሚይዝ አቃጣዩ ራሱ ከሁሉ አስቀድሞ ተጎጂ ነው።

ውሃ ውስጥ ሲገባ ታሌት ሁሉ አንድ ዓይነት ባሕርይ የለውም፤ ሁለቱ ሐይቆቻችን የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። እንደ ዲኤቲል ታሌት ያሉት ቀላሎቹ፣ ከመዋቢያና ከሽቶ ጭምር የሚመጡት፣ በውሃ ይሟሟሉ። ዲኢኤችፒ ግን ውሃን ይሸሻል፤ በእርግጥ የሚሟሟው በሊትር ጥቂት ማይክሮግራም ብቻ ነው። የቀረው በደለል፣ በአልጌና በብስባሽ ላይ ይለጠፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የዲኢኤችፒ መመሪያ በሊትር 8 ማይክሮግራም፣ የአሜሪካ ደግሞ 6 መሆኑን ስናስታውስ አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል፦ ውሃውን አጥልሎ የጠራውን ብቻ የሚለካ ላቦራቶሪ ዋናውን ክፍል ማጣሪያው ላይ ትቶ ነው የሚለካው። እንደ ለገዳዲ ከታረሰ ተዳፋት ብዙ አፈር ለሚቀበል ሐይቅ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው።

ለለገዳዲ ይኸው ደለል በአንድ በኩል መልካም አጋጣሚ ነው። በማጣሪያ ጣቢያ ደለሉ ሲረጋና በአሸዋ ሲጣራ የተለጠፈበት ዲኢኤችፒም አብሮ ይቀንሳል። የሚሟሙት ቀላል ታሌቶች ግን በዚህ መንገድ በደንብ አይያዙም፤ በክሎሪንም በቀላሉ አይፈርሱም። ስለዚህ ላይኛውን ሐይቅ የሚጠብቀው ከማጣሪያው ይልቅ በዙሪያው ያለው መሬት ነው። ለገጣፎና ሰንዳፋ ከተማ እየሆኑ ነው። ሰንዳፋ አጠገብ የተሠራው የአዲስ አበባ ቆሻሻ ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በዚያው ዓመት በአርሶ አደሮች ተቃውሞ ቆመ፤ ቆሻሻው ወደ ቀድሞው ክምር፣ ወደ ቆሼ ተመለሰ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከቆሻሻ ክምር የሚወጣ ፍሳሽ በየአገሩ ታሌት ከሚገኝባቸው ዋና ቦታዎች አንዱ ነው። አርሶ አደሮቹ ስለ ውሃቸው መጨነቃቸው በሳይንስም ፊት ሚዛን የሚደፋ ነበር።

አባ ሳሙኤል ሌላ ነው። እዚያ የሚደርሰው ውሃ የፋብሪካ፣ የመጸዳጃና የጎርፍ ድብልቅ ነው፤ በማዳበሪያነት የሚያገለግሉ ንጥረ ነገሮች ስለበዙበት እንቦጭ ለብሶ ቆይቷል። ኦክስጅን ባለበት ውሃ ባክቴሪያ ታሌትን በቀናት ወይም በሳምንታት ይበላዋል። ያለ ባክቴሪያ በውሃ ብቻ ቢተው ግን ዲኢኤችፒ ግማሹ እስኪፈርስ በስሌት ወደ 2,000 ዓመት ይፈልጋል። በእንቦጭ ሥር፣ ኦክስጅን ባጣ ጭቃ ውስጥ፣ የባክቴሪያው ሥራ እጅግ ይዘገያል። ስለዚህ የአባ ሳሙኤልን ታሌት የሚፈልግ ተመራማሪ ውሃውን ሳይሆን ጭቃውን ይቅዳ። እ.ኤ.አ. በ2020 በዝዋይ ሐይቅ ላይ የወጣ ጥናት ከተመረመሩት ዓሦች በ35 በመቶው ውስጥ የፕላስቲክ ቅንጣት አግኝቷል፤ በ2021 ደግሞ በቪክቶሪያ ሐይቅ የኡጋንዳ ክፍል ውሃ ውስጥ ታሌቶች ተለክተዋል። የምሥራቅ አፍሪካ ሐይቆች ከዚህ ነገር ውጪ አይደሉም።

ጉዳቱን በተመለከተ ማጋነን አልፈልግም። ዓሣ ዲኢኤችፒን ስለሚፈጭ እንደ ዲዲቲ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተከማቸ አይሄድም። ነገር ግን በአይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች በእርግዝና ጊዜ የተሰጠ ታሌት የወንድ ፅንስን ሆርሞን ቀንሶ የመራቢያ አካልን ያዛባል። አውሮፓ አራት ታሌቶች፣ ዲኢኤችፒን ጨምሮ፣ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2020 ጀምሮ በብዙ ዕቃዎች ውስጥ ከ0.1 በመቶ በላይ እንዳይገኙ የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። እዚያ ያልተፈለገ ዕቃ ርካሽ ሆኖ እኛ ገበያ ሊመጣ እንደሚችል ማሰብ ፍርሃት አይደለም፤ ንግድ እንዲህ ነው የሚሠራው።

ናሙና አወሳሰዱ ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። ታሌት በላቦራቶሪው ጓንት፣ ቱቦና ክዳን ሁሉ ስላለ በፕላስቲክ ጠርሙስ የተቀዳ ውሃ የሚናገረው ስለ ጠርሙሱ ነው። በመስታወት ይቀዳ፣ ክዳኑ በአሉሚኒየም ይሸፈን፣ ንጹሕ ውሃ የያዘ ባዶ ናሙናም በየጉዞው አብሮ ይሂድ። ጊዜው ሁለት ቢሆን እመርጣለሁ፦ ወንዙ በሚቀጥንበት ግንቦትና የመጀመሪያው ጎርፍ በሚወርድበት ሰኔ።

የ1999 ዓ.ም. የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊሜትር የማይበልጥ ውፍረት ያለውን ፌስታል ከለከለ፤ በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው ሕግ ደግሞ ፌስታልን በሰፊው አገደ። ሁለቱም የሚያዩት ዕቃውን ነው፤ በዕቃው ውስጥ ያለውን ኬሚካል የሚቆጣጠር ደንብ መነሻው ሽቦ፣ ጎማ፣ የወለል ምንጣፍና የልጆች መጫወቻ ቢሆን ይበጃል። ምትክ አለ፤ ዲኦቲፒ የሚባለው ታሌት ያልሆነ አለስላሽ በገበያ ላይ በስፋት ይሸጣል፣ ከጉሎ ዘይት የሚሠራም አለ፤ ጉሎ ደግሞ ለእኛ የጓሮ ተክል ነው። ከደንቡ እኩል የሚያጣድፈኝ የአባ ሳሙኤል ደለል ነው። ከሐይቁ በታች ገበሬው በአዋሽ ዳር ያርሳል፣ በአቃቂ ዳር ጎመንና ሰላጣ በወንዙ ውሃ ይበቅላል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ፍሥሐ ኢታና በአዲስ አበባ ቅጠላ ቅጠል አትክልቶች ላይ ባሳተሙት ጥናት ከባድ ብረቶችን መዝግበዋል። ሐይቁን ለማጽዳት ጭቃው ተዝቆ እንደ ለም አፈር በእርሻ ላይ ከመበተኑ በፊት፣ ከብረቱ ጎን ዲኢኤችፒም ይለካ።