ኒቆዲሞስ በሌሊት ፈረቃ

በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ለምንኖር ሐበሾች የሥራ ሰዓት ለቅዳሴ አይመችም። አንዱ የመኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ ያድራል፤ ሌላው ታክሲ ሲነዳ ያነጋል፤ እህቶቻችን በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ናቸው። እሑድ ጠዋት ነጠላ አጣፍቶ ከሚቆመው ምእመን ብዙው ገና እንቅልፍ በዓይኑ ያልዞረ ነው። ስብከት በዚህ አገር ሥር የሰደደው ይህን ሰው አይቶ መናገር ሲጀምር ነው ባይ ነኝ።

ያደግሁት ጫግኒ ነው። ከኮሶበር ወደ ግልገል በለስ የሚወስደው መንገድ በከተማችን ስለሚያልፍ ገበሬው፣ ነጋዴውና ሾፌሩ፣ አዊኛ ተናጋሪውም አማርኛ ተናጋሪውም በአንድ ዐውደ ምሕረት ይገናኛል። መምህራችን የዘሪውን ምሳሌ ሲያስተምሩ በእሾህ የታነቀውን ዘር በዳጉሳ አረም ያስረዱን ነበር። ይህ የእሳቸው ዘዴ ብቻ አይደለም። የአንድምታ መምህራን ብሉዩንና ሐዲሱን፣ መጻሕፍተ ሊቃውንቱንና መጻሕፍተ መነኮሳቱን ሲተረጉሙ የኖሩት በሠርጉ፣ በእርሻው፣ በሙግቱ እየመሰሉ ነው። ንባቡ ግእዝ፣ ትርጓሜው አማርኛ፣ ምሳሌው የሰፈር ነው።

ባሕር ስንሻገር ንባቡ ተከተለን፤ ሰፈሩ ግን ቀረ። እርግጥ ከእኛ በፊት መንገዱን የጠረጉ ነበሩ። አቡነ ይስሐቅ ገና አባ ላዕከ ማርያም ማንደፍሮ ሳሉ ግእዝም አማርኛም ለማያውቁ ጥቁር አሜሪካውያንና ጃማይካውያን በእንግሊዝኛ አስተምረዋል። ቦብ ማርሌይ በ1973 ዓ.ም. ተጠምቆ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ኪንግስተን ውስጥ ሲሸኝ የፍትሐት ሥርዓቱን የመሩት እሳቸው ናቸው። በእኛ ዘመን ግን ከዐውደ ምሕረቱ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ሌላ ነበር። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ የቆየው የሲኖዶስ መከፈል ሐምሌ 2010 ዓ.ም. እዚሁ ዋሽንግተን ላይ በዕርቅ እስኪፈታ ድረስ ወንድምና እህት በተለያየ ደብር ያስቀድሱ ነበር፤ ወንጌሉ ተነቦ ሲያበቃ ስብከቱ ስለ መንበርና ስለ ፖለቲካ የሚሆንባቸው እሑዶችም አልጠፉም። ሌሊቱን በእግሩ ቆሞ ያደረ ሰው ከዚያ ምን ይዞ ይሄዳል?

የእኛን ደብር የለወጠው ዐቢይ ጾም ነው። የጾሙ እሑዶች እያንዳንዳቸው ስም አላቸው፤ ስማቸው ራሱ የስብከት ርእስ ነው። ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሳዕና። ሰባኪው አዲስ ነገር ማምጣት አይጠበቅበትም፤ የየዕለቱን ንባብ የሚያመለክተው ግጻዌ ምስባኩንም ወንጌሉንም አዘጋጅቶ ይሰጠዋል። የሚቀረው ሰሚውን ማወቅ ነው።

በኒቆዲሞስ እሑድ የደብራችን ቀሲስ መስቀላቸውን ይዘው ወጡና “ይህ ሰው ለምን በሌሊት መጣ?” ብለው ጠየቁ። ከሊቃውንቱ የተማሩትን አንድ በአንድ ዘረዘሩ፤ አይሁድን ፈርቶ፣ አንድም የእስራኤል መምህር ተብሎ ሲማር መታየቱን አፍሮ፣ አንድም ሌሊት ልቡና ስለሚሰበሰብ። ከዚያ ዝም ብለው ሕዝቡን አዩና “አንድም እንደናንተ ቀን ስለማይመቸው” አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሳቸው ግን ቀልደው አላለፉትም። ጌታ በሌሊት የመጣውን ነገ ቀን ተመለስ አላለውም ካሉ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያንም ማለት የለባትም አሉ። በሳምንቱ ለሌሊት ተረኞች የስልክ ጉባኤ ተጀመረ። ማቆሚያ የሚጠብቀው ከዳሱ ውስጥ፣ ታክሲ የሚነዳው ተሳፋሪ ሲጠብቅ፣ ድምፁን አጥፍቶ ያዳምጣል። ጥያቄ ያለው በመጨረሻ ይጠይቃል።

መጻጉዕ ደግሞ ሌላ ነገር ወለደ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛው በሽተኛ ለጌታ የተናገረው ሰው እንደሌለው ነው። ቀሲስ ይህን አስተምረው ሲያበቁ “ከመካከላችን ሦስት እሑድ ያልታየ ማነው?” አሉ። ስም መጠራት ጀመረ፤ ዲስክ ተንሸራቶበት የተኛ አለ፤ ወልዳ ጠያቂ ያጣች አለች። አንዲት እናት ከቦርሳቸው ደብተር አውጥተው መጻፍ ያዙ። ያ ደብተር ዛሬም አለ። ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጸዲቅ ሲቀመስ ይከፈትና ጠያቂና ተጠያቂ ይመደባል፤ ሽሮውን የሚሠራ፣ ሐኪም ቤት የሚያደርስ፣ የኢሚግሬሽን ደብዳቤ የሚያነብ ይለያል። ጽዋ ማኅበራችንም ጉልበት ያገኘው ከዚያ ወዲህ ነው።

ለእኔ ይበልጥ የቀረበኝ የ2013 ዓ.ም.ቱ መጻጉዕ ነው። በመተከል ከተፈጸመው ግድያ የሸሹ ወገኖች በአስር ሺዎች ጫግኒ ገብተው ራንች በሚባለው ቦታ ተጠልለው ነበር። በኮሮና ምክንያት ያኔ ትምህርቱ የሚሰጠው በዙም ነው። የመጻጉዕ ወንጌል ሲነበብ ስለ ራንች እንድናገር ዕድል ተሰጠኝ። ጫግኒን በካርታ እንኳ የማያውቅ ሰው ብር ላከ፤ የአንድ ቀን ጉርሻውን እንዳለ ያስገባ ባለታክሲም ነበር። ብርድ ልብስና ዱቄት የገዛልን እዚያው ያለ ዘመድ ደረሰኙን ፎቶ አንሥቶ ሲልክ በሚቀጥለው እሑድ ለሁሉም ታየ። ሪፖርት የሌለው ምጽዋት ቶሎ እንደሚደክም ከዚያ ተምረናል።

አሁን የሚያሳስበን የልጆቻችን ነገር ነው። በወር አንድ ጊዜ ያንኑ ግጻዌ ተከትሎ በእንግሊዝኛ ትምህርት ይሰጣል፤ ጸሎቱ በግእዝ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ግድግዳ ላይ ይታያል። ይህ ጥሩ ነው፤ ግን ቋንቋ መቀየር ብቻውን አይበቃም። ስለ አባቶቻቸው የሌሊት ፈረቃ የሚተርክ ስብከት በእንግሊዝኛ ቢነገርም የእነሱ አይሆንም። እነሱ የሚያስጨንቃቸው ፈተና፣ በስልክ የሚደርስባቸው ስድብና ምሳ ሰዓት ላይ ብቻን መቀመጥ ነው። ሕንፃ ገዝተን የባንክ ዕዳውን እየከፈልን ነው፤ ልጆቹን የሚያቆያቸው ግን ሕንፃው አይደለም። የሚቆዩት ወንጌሉ ስለ ሰኞና ስለ ማክሰኞአቸው የሚላቸው ሲኖረው ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሰባኪው ሰኞና ማክሰኞን እንዴት እንደሚውሉ አስቀድሞ ሊጠይቃቸው ይገባል።