ማሽን የሚወልድ ማሽን፦ ከቅልጥ ብረት እስከ ቤት ሠራሽ ቶርኖ

(ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ)



ቶርኖ የሚሠራው በቶርኖ ነው። ዘንጉም፣ ብሎኑም፣ ጥርሳቸው የሚጋጠም ጎማዎቹም በሌላ ቶርኖና በሌላ ፍሬዛ ላይ ተቆርጠው የመጡ ናቸው። እንግዲያው የመጀመሪያው በምን ተሠራ? ከዚህ የሚከብድም ጥያቄ አለ። ጉድለት ያለበት ማሽን የሚሠራው ማሽን ያንኑ ጉድለት መውረስ ካለበት፣ ልጁ ከእናቱ ይበልጥ የታረመ ሊሆን የቻለው እንዴት ነው? የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ጥያቄ ነው። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ጄምስ ዋት የተሻለ የእንፋሎት ሞተር ሐሳብ ካገኘ በኋላ ብዙ ዓመታት የተጉላላው፣ ሐሳቡን የሚሸከም ሲሊንደር በማጣቱ ነበር። ብረት ቀልጦ በፎርማ ሲፈስ ቅርጽ ይይዛል እንጂ ልክ አይይዝም፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ፊቱም ይጎረብጣል። ስለዚህ በፒስተኑና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል እንፋሎቱ ያመልጥ ነበር። ችግሩን በ1775 የፈታው ጆን ዊልኪንሰን ነው። መቁረጫውን የተሸከመው ዘንግ በሲሊንደሩ ውስጥ አልፎ በሁለቱም ጫፎቹ እንዲደገፍ አደረገ፤ የዘንጉ መወዛወዝ ቀነሰ፣ ቀዳዳውም ክብ ሆነ። ማቅለጥ ቁሱን ይሰጣል፤ ልኩን የሚሰጠው ግን ከማቅለጥ በኋላ የሚመጣው ሥራ ነው።

ይህን ሥራ ሥርዓት ካስያዙት ሰዎች አንዱ በ1771 የተወለደው ሄንሪ ሞድስሊ ነው። ከእርሱ በፊት በአብዛኛው የቶርኖ ሥራ መቁረጫው የሚያዘው በሠራተኛው እጅ ነበር፤ የሥራው ጥራትም በእጁ ጽናት ይወሰን ነበር። ሞድስሊ በ1800 አካባቢ በሠራው ቶርኖ፣ መቁረጫውን በተንሸራታች መያዣ ላይ አሰረ፤ መያዣውን የሚነዳ መሪ ብሎን አበጀ፤ ሁለቱን በሚለዋወጡ ጥርስ ጎማዎች ከዘንጉ ጋር አገናኘ። ሐሳቦቹ ለየብቻቸው አዲስ አልነበሩም። እርሱ ያደረገው በጠንካራ የብረት አካል ላይ ማዋሐድ ነው። ቶርኖው ዛሬ በለንደን የሳይንስ ሙዚየም ይገኛል።

ይህ ሁሉ ግን ሁለተኛውን ጥያቄ አይመልስም። መሪው ብሎን ከተዛባ፣ በእርሱ የሚቆረጠው ብሎንም ይዛባልና። የመልሱ ፍሬ ነገር የሚገኘው በሞድስሊ ወርክሾፕ ይሠራበት በነበረና በኋላ የእርሱ ሠራተኛ የነበረው ጆሴፍ ዊትወርዝ ባሻሻለው ዘዴ ነው። ዊትወርዝ ዘዴውን በ1840 ለብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር አቀረበ። ሁለት የብረት ገበታዎች ፍጹም ቢገጥሙ፣ ሁለቱም ጠፍጣፋ ናቸው ማለት አይደለም፤ አንዱ ጎባጣ ሌላው ጎድጓዳ ሊሆን ይችላል። ሦስት ገበታዎች በየተራ እርስ በርስ ሲገጥሙ ግን ይህ መሸሸጊያ ይጠፋል። ቀለም ይቀባሉ፣ ይነካካሉ፣ ከፍ ያለው ቦታ ይታያል፣ በእጅ መፋቂያ ይፋቃል፤ ይህ እየተደጋገመ ሦስቱም ወደ ጠፍጣፋነት ይቀርባሉ። ቀድሞ የተስተካከለ አንድም ነገር ሳይኖር ትክክለኛነት ተገኘ ማለት ነው። ምንጩ ማነጻጸርና ማረም እንጂ እናት ማሽኑ ብቻ አይደለም። ልጅ ከእናቱ የሚበልጠው በዚህ መንገድ ነው።

ይህ ዕውቀት በታላላቅ ፋብሪካዎች ብቻ ተወስኖ አልቀረም። በ1898 ፐርሲቫል ማርሻል «ሞዴል ኢንጂነር» የተባለውን መጽሔት በእንግሊዝ መሠረተ። በ1906 የተቋቋመው የስቱዋርት ተርነር ድርጅትም ለትናንሽ ሞተሮች የሚሆኑ፣ ከፎርማ የወጡ ጥሬ የብረት ቅርጾችን ከንድፋቸው ጋር ይሸጥ ነበር። ንግዱ የቆመው በአንድ እውነት ላይ ነው። ቅልጥ ብረት ለመፍሰስ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሙቀት ይፈልጋል፤ ሲቀዘቅዝም ርዝመቱ 1 በመቶ ያህል ስለሚቀንስ የእንጨቱ ሞዴል ያን ያህል ከፍ ተደርጎ መዘጋጀት አለበት። ይህ ለአንድ ቤተሰብ ጓዳ የሚከብድ ነው። መሞረድ፣ መብሳት፣ መፋቅና መለካት ግን ትዕግሥት ላለው ሰው ይቻላል። ፎንደሪው እሳቱን ወሰደ፤ ገዢው ልኩን ወሰደ። በኋላም በዚሁ መንገድ የማሽን መሣሪያዎች ራሳቸው ተሠሩ። ፕሮፌሰር ቻዶክ የነደፉትና «ኮርን» ተብሎ የሚጠራው የመቁረጫ መሳያ ማሽን ከእነዚህ አንዱ ነው፤ በርካታ ሰዎች ከጥሬ ቅርጹ ተነሥተው በየቤታቸው ሠርተውታል።

አሜሪካዊው ዴቪድ ጊንጀሪ ከ1980 ጀምሮ ባሳተማቸው ሰባት መጻሕፍት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፤ እሳቱንም ለባለቤቱ መለሰ። የመጀመሪያው መጽሐፍ የከሰል ማቅለጫ ምድጃ፣ ሁለተኛው ቶርኖ ያሠራል። ቁሱ ውዳቂ አሉሚኒየም ነው፤ በ660 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ባልዲ የሚያህል ምድጃ ይበቃዋል። ገና ያላለቀው ቶርኖ የራሱን ቀሪ ክፍሎች ለመጨረስ ያገለግላል፤ ከዚያም ሌሎቹን ማሽኖች ለመሥራት ያግዛል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ይህን ታሪክ ከምንም የመነሣት ተረት አድርገን ማንበብ የለብንም። ሞድስሊ ከልጅነቱ በዉልዊች የጦር መሣሪያ ፋብሪካ፣ በኋላም በጆሴፍ ብራማ ወርክሾፕ የሠለጠነ ሰው ነበር። የጊንጀሪ አንባቢም ሞተሩን፣ መሰርሰሪያውንና ብሎኑን ከገበያ ይገዛል። ከዜሮ የተነሣ የለም፤ ከጥቂት መነሣት ግን ይቻላል፣ የሥራው ዘዴ ከሰው ወደ ሰው እስከተላለፈ ድረስ።

ጋፋት ለእኛ የሚታወሰን እዚህ ላይ ነው። በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል በዚያ ቀልጦ ፈሰሰ፤ በሰው ጉልበትም ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ። የማቅለጡ ብቃት አያጠያይቅም። ሆኖም ንጉሠ ነገሥቱ የጠየቁት መድፍ ነበር፤ የተሰጣቸውም መድፍ ነው። በ1868 ንጉሡ ሲሞቱና አውሮፓውያኑ ሠራተኞች አገር ለቀው ሲወጡ የጋፋት ሥራ ተቋረጠ። መድፉ መቅደላ ላይ አለ፤ መድፍ ግን ሌላ መድፍ አይወልድም።

የምህንድስና ተማሪዎቻችን በማሽን ሲሠሩ ያድራሉ፤ ማሽኑን የሚሠራውን ማሽን የመሥራት ዕድል ግን እምብዛም አያገኙም። የጥሬ ቅርጾቹ ታሪክ የሚያስተምረን ማሽን አንግዛ ብሎ አይደለም። አንድ ጊዜ እንኳ ሦስት የብረት ገበታዎችን በገዛ እጁ አነጻጽሮ ያረመ ተማሪ፣ የተገዛው ማሽን ልኩን ሲስት ከየት መጀመር እንዳለበት ያውቃል። ይህን ያላየ ግን አዲስ ማሽን እስኪገዛለት ይጠብቃል።