በጉባኤ የሚነበብ መጽሐፍ፤ ስለ ጎንደር አንባቢዎች ልማድ

አንባቢ ከአንባቢ ሲገናኝ በእጁ ስላለው መጽሐፍ መጠየቁ፣ ደስ ያሰኘውንም ምዕራፍ ለወዳጁ ማካፈሉ ብዙ ሰው የትርፍ ጊዜ ወግ አድርጎ የሚቈጥረው ነገር ቢሆንም፣ በጎንደር ከተማና ከእርሷ በስተ ሰሜን በወገራ፣ በዳባትና በስሜን ደጋዎች ግን የመጽሐፍ ትምህርት በሙሉ ተደግፎ የኖረው በዚሁ ልማድ ነው። ሁለት የጉባኤ ቤት ተማሪዎች፣ አኩፋዳቸውን በትከሻቸው አንግተው፣ በአንድ መንገድ ላይ ቢገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠያየቁት ከየትኛው መምህር እግር ሥር እንደ ተቀመጡ፣ ምን መጽሐፍ እንደ ጀመሩና የት እንደ ደረሱ ነበር። ይህ ጥያቄ ከየት እንደ መነጨ፣ ለአገርም ምን እንደ ጠቀመ ማስታወስ የሚገባ ይመስለኛል።

ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ፣ ከ1659 እስከ 1674 ዓ.ም. የነገሡት ልጃቸው ፃድቁ ዮሐንስ በግቢው ውስጥ ራሱን የቻለ ቤተ መጻሕፍት አሠሩ፤ ሕንፃውም እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። የልጅ ልጃቸው አድያም ሰገድ ኢያሱ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ ኋላም እቴጌ ምንትዋብ ደብረ ፀሐይ ቍስቋምን ሲተክሉ፣ ለካህናቱ ከሚሰጠው መሬት ጋር የብራና መጻሕፍትም ወደየዕቃ ቤቱ ይገቡ ነበር። ይሁን እንጂ አንድ መጽሐፍ ለማዘጋጀት የብዙ ፍየልና በግ ቆዳ መወጠርና መፋቅ ስላለበት፣ ጸሓፊውም ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም በጥብጦ በመቃ ብዕር ወራት የሚፈጅ ድካም ስለሚደክም፣ በአንድ ደብር አንድ መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ አንድ ቅጂ ብቻ ነበረው። የሚሰርቀውና የሚፍቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን እንዲወገዝ በመጽሐፉ ላይ መጻፉም የዋጋውን ክብደት ያሳያል። መጽሐፉ አንድ፣ ፈላጊዎቹ ግን ብዙ በሆኑበት አገር አንዱ ሲያነብ ብዙዎች መስማታቸው፣ የሰሙትንም እርስ በርሳቸው መነጋገራቸው የግድ ነበር።

ሕፃኑ ከፊደልና ከአቡጊዳ ተነሥቶ፣ መልእክተ ዮሐንስንና ወንጌልን አልፎ ዳዊት እስኪደርስ ድረስ፣ ከቁጥር ንባብ እስከ ውርድና ቁም ንባብ የሚያጠናው ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ ነበረ፣ ስሕተቱን የኔታም ጓደኛውም ሰምተው ያርሙት ነበር። ማንበብ የማይችለው ገበሬና የቤት እመቤቲቱም ከመጻሕፍቱ ማኅበር ውጭ አልነበሩም፤ በቤተ ክርስቲያን የዕለቱ ስንክሳር ይነበብላቸዋል፣ በሰንበት ተአምረ ማርያም ይሰማሉ፣ በሰሞነ ሕማማት ግብረ ሕማማቱን ከጠዋት እስከ ማታ ቆመው ያዳምጣሉ፣ በየወሩ ጽዋ ሲጠጡም ካህኑ ድርሳኑን ወይም ገድሉን ገልጦ ያነብላቸዋል። ስለዚህ ፊደል ያልቈጠረች አሮጊት የጻድቁን ገድል ታሪክ ለልጅ ልጆቿ አሳምራ ብትተርክ፣ ከመጽሐፍ ያገኘችውን ለሌላ ማካፈሏ ነውና እርስዋም ከአንባቢዎቹ ወገን ትቈጠራለች።

የዚህ ልማድ ከፍተኛው ማዕርግ ግን የትርጓሜው ጉባኤ ነው። የጎንደር ሊቃውንት ትምህርቱን በአራት ጉባኤያት ከፍለውታል፤ እነርሱም ብሉያት፣ ሐዲሳት፣ ሃይማኖተ አበውና ቄርሎስ የሚገኙባቸው መጻሕፍተ ሊቃውንት፣ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ የሚባሉትም መጻሕፍተ መነኮሳት ናቸው። አራቱን የፈጸመ አራት ዓይና ይባላል። መምህሩ ወንበር ዘርግተው ሲቀመጡ አንዱ ተማሪ መጽሐፉን ይዞ የግዕዙን ንባብ ያሰማል፤ መምህሩ በአማርኛ ይተረጕማሉ፤ አንዱን ፍቺ ከሰጡ በኋላም አንድም እያሉ ሌላውን፣ ከዚያም ሦስተኛውን ይጨምራሉ፤ ጉባኤው ሲታጠፍ ደግሞ ተማሪዎቹ በየጎጆአቸውና በየዛፉ ጥላ ተሰብስበው፣ የገባው ላልገባው እየደገመ፣ እስኪመሽ ድረስ ይከልሱታል። አዲስ ፍቺ ሲመጣ ቀድሞ የነበረው ስለማይጣል፣ አንዱን ቃል በልዩ ልዩ ዘመን ያነበቡ ሰዎች ያገኙት ማስተዋል ጎን ለጎን ተቀምጦ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ተላልፏል። በ18ኛው መቶ ዓመት የነበሩት መምህር ኤስድሮስ በጣና ደሴቶች ለብዙ ዓመታት መጻሕፍትን ሲመረምሩ ቈይተው የቀደመውን ትርጓሜ እንዳሻሻሉ በትውፊት ይነገራል፤ የእርሳቸው ወገን ታች ቤት፣ የቀደመውን ይዞ የቀረው ላይ ቤት ተብሎ፣ ሁለቱ አነባበቦች ከአንዲት ከተማ ወጥተው በአገሩ ሁሉ ታወቁ።

መነጋገሩ ሁልጊዜ በሰላም ይፈጸም ነበር ማለት አይደለም። በፃድቁ ዮሐንስና በኢያሱ ዘመን የተዋሕዶና የቅባት ሊቃውንት በንጉሡ ፊት ለክርክር ሲቀርቡ፣ እያንዳንዱ ወገን ቃሉን ከመጽሐፍ ጠቅሶ ማስመስከር ነበረበት፤ ጠቡ መራራ ቢሆንም ተከራካሪው የባላጋራውን ምስክር ጭምር አንብቦ እንዲመጣ ያስገድደው ነበር። በጎንደር ዙሪያ በወለቃና በአምቦበር ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤልም ኦሪትን በግዕዝ ያነቡ ነበር፤ ቄሶቻቸው ለሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ ያስረዱት ነበር፤ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው መጻሕፍት አንዳንዶቹን ለእምነታቸው በሚስማማ መንገድ አስተካክለው መቀበላቸውም፣ የመጽሐፍ መንገድ የሃይማኖትን ድንበር እንኳ ይሻገር እንደ ነበረ ያስረዳል።

የመጽሐፍ መንገድ የአገርንም ድንበር ተሻግሯል። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ ከቈየ በኋላ መጽሐፈ ሄኖክን ወደ አውሮፓ ይዞ በሄደ ጊዜ፣ የአውሮፓ ሊቃውንት ጠፋ ብለው የተዉት መጽሐፍ በእኛ ዘንድ በሙሉ ሲነበብ እንደ ኖረ ዓለም ዐወቀ። ከዚህ በኋላ የመጣው ግን የጥፋት ዘመን ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያጠፉ የአብያተ ክርስቲያናቱን መጻሕፍት ሰብስበው ወደ መቅደላ አጓዙ፤ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ከእነዚያ መጻሕፍት ወደ 350 የሚሆኑት ለንደን ገቡ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ድርቡሾች ከተማይቱን ሲያቃጥሉ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን የመሰሉ ጥቂቶች ሲተርፉ፣ አብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናት ከነዕቃ ቤታቸው ነደዱ።

በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ መጻሕፍቷን ያጣች ከተማ ትምህርቷ አብሮ ሊጠፋ ይገባው ነበር፤ አልጠፋም። ትርጓሜው በብራና ላይ ከተጻፈው ይልቅ በአንባቢዎቹ አፍና ጆሮ መካከል የኖረ ስለ ነበረ፣ ከቃጠሎው ያመለጡት መምህራን በደረሱበት ደብር ወንበራቸውን ዘረጉ፤ ተማሪዎቻቸውም ትምህርቱን ወደ ጎጃምና ወደ ሸዋ ወሰዱት፤ በ1910ዎቹ ዓመታት በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ዘመን የወንጌሉ ትርጓሜ በአዲስ አበባ ለኅትመት ሲበቃ፣ ወደ ማተሚያው የደረሰው በዚሁ ከአንዱ ወደ አንዱ በመነጋገር ሲጠበቅ የኖረው ቃል ነበር።

እንግዲህ የመቅደላ መጻሕፍት ይመለሱ የሚለው ጥያቄ ፍጹም ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ እኔም ከልቤ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ተመልሰው በመስታወት ውስጥ ቢቀመጡ ወደ ቤታቸው ገቡ ለማለት አይቻልም፤ ቤታቸው ጉባኤው ነውና። ዛሬ የታተመ መጽሐፍ በርካሽ ገዝቶ ለብቻው የሚያነበው ወጣት፣ ልብ ወለድም ይሁን የታሪክ መጽሐፍ፣ ያነበበውን ለጓደኛው የመንገርና የጓደኛውን አስተያየት ከራሱ ጎን የማስቀመጥ ልማድ ቢይዝ፣ የጎንደር ሊቃውንት ያቆዩለትን ርስት ወረሰ ማለት ነው። ጉባኤ ቤቶቹም፣ በየከተማው ያሉት አብያተ መጻሕፍትም ይህን ንግግር የሚያስተናግዱበት ቦታና ሰዓት ቢያዘጋጁለት፣ ከባሕር ማዶ የሚመለሰውን መጽሐፍ ሁሉ ገልጦ የሚያነብና አንድም ብሎ የሚጨምርበት ትውልድ ይቈየዋል።