ጊች ሳታውቅ ያለፈው እንግዳ

የካቲት 16 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ሰኞ ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል ግድም፣ በጊች በኩል አንድ እንግዳ አለፈ። ጊች ያን ጊዜ በሰሜን ተራሮች ላይ፣ 3,600 ሜትር በሚያህል ከፍታ የምትኖር የገብስ አራሾች መንደር ነበረች። የእንግዳው ስም ኒውትሪኖ ነው። ከ160 ሺህ የብርሃን ዓመት በላይ ርቆ ከፈነዳ ኮከብ ተነሥቶ፣ ሰውንም ከብቱንም ገደሉንም ዘልቆ ሄደ። ምን ያደርጋል፣ ውሻ እንኳ የሚጮኽበት ዱካ አልነበረውም።

በዚያችው ደቂቃ ግን ጃፓን ውስጥ፣ ካሚዮካ በሚባል የማዕድን ጉድጓድ፣ 1 ሺህ ሜትር ከመሬት በታች፣ ያው እንግዳ ተመዘገበ። በ13 ሴኮንድ 11 ምልክት ተቆጠረ። እንዴት ሆኖ?

እዚያ ያን ጊዜ 3 ሺህ ቶን ንጹሕ ውኃ የያዘ ትልቅ ጋን ነበር፤ ውስጡ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው 1 ሺህ ያህል የመስታወት ቱቦዎች ተከቦ ነበር። ኒውትሪኖ ከስንት አንዴ ውኃውን ሲነካ ደካማ ሰማያዊ ብርሃን ይፈነጥቃል። ያችን ብርሃን የሚቀበላት በመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ የተለቀለቀ ስስ ሽፋን ነው፤ ፎቶካቶድ ይሉታል። ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮን ይለቃል፤ ኤሌክትሮኑም በቱቦው ውስጥ እየተባዛ የሚቆጠር ምልክት ይሆናል።

ይህ ሽፋን በአንድ ጀምበር አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1887 ኸርትዝ ፍንጩን አየ፤ በ1905 አንስታይን ምክንያቱን አስረዳ። ችግሩ የብረታ ብረት ስስት ነበር፦ ብርሃኑን አብዛኛውን መልሶ ያንጸባርቃል፣ የተቀሰቀሰውንም ኤሌክትሮን መንገድ ላይ ያስቀረዋል። በ1936 ጀርመናዊው ጎርሊኽ አንቲሞኒንና ሲዚየምን ሲያዋሕድ የተገኘው ብረት ሳይሆን ሴሚኮንዳክተር ነበር፤ እሱ ቸር ሆነ። በ1955 ዞመር ሌሎች አልካሊዎችን ጨምሮ አሻሻለው። በ1965 ደግሞ ሼርና ቫን ላር ጋሊየም አርሰናይድን ሲዚየም ቀብተው ኤሌክትሮኑ ደጃፍ ላይ ሳይገታ እንዲወጣ አደረጉ። የካሚዮካው ሽፋን የጎርሊኽና የዞመር ዘር ነው፤ ከአምስት የብርሃን ቅንጣት ለአንዱ ያህል ኤሌክትሮን ይሰጣል።

እንግዲህ ማለፍ አንድ ነገር ነው፤ መመዝገብ ሌላ ነው። በ2008 ዓ.ም. የጊች ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሰፈሩ። ኮከቡ በጃፓን ታሪክ አገኘ። የዚያች ሰኞ ረፋድ የጊች ሰው ምን ይሠራ እንደነበር፣ ገብሱ እንዴት እንደሰጠ ግን ማን ጻፈው? ያዩት አባቶችና እናቶች ደባርቅ አሉ። እኛ ደግሞ ደብተርና እርሳስ አለን። ሳይመሽ እንሂድና እንጠይቃቸው።